ትከሻ ላይ ያረፈ እጅ

ሰኞ ጠዋት ሕፃኑ ከሥልጠና ተመለሰ። ሕፃኑ ሲባል ጡጦ የያዘ እንዳይመስላችሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ፀጉሩ ከግንባሩ መሸሽ የጀመረ፣ ሃያ ሦስት ሠራተኛ ያለው የብስኩት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ነባር ሠራተኞቹ ናቸው። በዱቄት ጆንያዎች መሃል እየዳኸ ሲያድግ ስላዩት ዛሬ ከረባት ማሰሩን ከልባቸው አልተቀበሉትም። ፊት ለፊት «ጌታው» ይሉታል፤ ዞር ሲል ሕፃኑ ነው። እሱም ያውቃል፣ ያላወቀ ይመስላል እንጂ።

አባቱ ፋብሪካውን አርባ አንድ ዓመት መርተው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ከሰባት ወር በፊት ቁልፉን አስረከቡት። ያን ቀን ያሉት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ «ሰው እንዳይሄድብህ። ማሽን ይገዛል፣ ዱቄት ይገዛል። ሰው ከሄደብህ ግን አለቀልህ።» በሰባት ወር ውስጥ ሦስት ሰው ሄደበት። የሄዱትም ሩቅ አይደለም፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሰማያዊ በር ብስኩት ፋብሪካ ነው። ጠዋት ጠዋት በመስኮት ያያቸዋል። አንደኛው እንዲያውም እጁን ያውለበልብለታል።

ስለዚህ ሥልጠና ገባ። «ስሜትን የሚያነብ መሪ» ይላል ርእሱ፤ ሦስት ቀን፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ። አሠልጣኙ አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠመጠመ ቀጭን ሰው ነው፤ ገና ራሱን ሳያስተዋውቅ ነበር ያለቀሰው። ሕፃኑ በመጀመሪያው ቀን አፈረለት፣ በሁለተኛው ቀን አብሮት አለቀሰ፣ በሦስተኛው ቀን የምስክር ወረቀት ተቀበለ። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ኪስ በምትገባ ካርድ ላይ ታትሟል፦ ሠራተኛህን ዓይን ዓይኑን እያየህ ፈገግ በል፤ እጅህን በቀስታ ትከሻው ላይ አሳርፍ፤ ስለ ቤቱ ጠይቀው፤ ስለ ልፋቱ አመስግነው። ከሥር ደግሞ በትንንሽ ፊደል «ሰባት ቆጥረህ እጅህን አንሣ» ይላል።

ካርዷን እንደ ዳዊት ደግሟታል። ሳምንቱም የዋዛ ሳምንት አይደለም። ትልቁ ደንበኛቸው፣ ለሱቆች የሚያከፋፍለው ሰውዬ፣ ለረቡዕ አራት መቶ ካርቶን አዝዟል። «ከቀረ ከማዶ እገዛለሁ» ብሎም አፍ አውጥቶ ነግሮታል። አራት መቶ ካርቶን በሦስት ቀን የሚያወጣ ደስ ያለው ሠራተኛ ብቻ ነው ብሎ ሕፃኑ አመነ። እምነቱ ላይ ስሕተት የለበትም። አላዋቂ ሳሚ ምን እንደሚለቀልቅ ግን ተረቱ ድሮ ተናግሯል።

መጀመሪያ የሄደው ሊጥ አቡኪው ዘንድ ነው። ተራራው ይሉታል፤ የዱቄት ጆንያ በአንድ ብብቱ ይዞ በሌላ እጁ ስልክ የሚያወራ ሰው ነው። ሕፃኑ ቀረበው፣ ዓይን ዓይኑን አየው፣ ፈገግ አለ። ተራራው ማቡኪያውን አጠፋ። ሕፃኑ በእግሩ ጣቶች ተንጠራርቶ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ።

«ቤት እንዴት ነው?» አለው፣ አሠልጣኙ እንዳስተማረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጆች ደህና ናቸው?»

የተራራው ፊት ከሊጡ ጋር አንድ መልክ ሆነ። «ደህና... ደህና ናቸው። ትንሿ ጥርስ እያበቀለች ነው።»

«እሰይ! ስለ ልፋትህ ሁሉ ከልቤ ነው የማመሰግንህ።»

አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ሕፃኑ እጁን አነሣ። የተራራው ያ ሁሉ ሰውነት ሕፃኑ ላይ ተደፋና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። «ቂም የለኝም ጌታው» አለ በሳግ መሃል። «አባትዎም ጥሩ ሰው ናቸው፣ እርስዎም ጥሩ ሰው ነዎት።» ሽርጡን ፈታ፣ አራት ቦታ አጠፈው፣ ማሽኑ ላይ አስቀመጠውና ዓይኑን እየጠራረገ ወጣ።

ፊቱን ሊታጠብ ነው ብሎ ሕፃኑ አሰበ። ደስታው ከቆዳው ሊወጣ ደርሶ ነበር። ደብተሩን አውጥቶ «ተራራው፦ ስሜቱ ጥልቅ ነው፤ ቂም የለውም» ብሎ ጻፈ። የምን ቂም እንደሆነ ለአፍታ ቢያስብ ኖሮ ቀኑ እዚያው ላይ በተስተካከለ ነበር።

ቀጥሎ መካኒኩ። ይኼኛው ነገረኛ ነው፤ ከማሽን ጋር ሳይቀር ይከራከራል። እጁ ትከሻው ላይ ሲያርፍ መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

«ጥፋቴ ምንድን ነው?» አለ።

«ምን ጥፋት አለብህ! ምንም!»

«አዎ፣ ሁልጊዜም ምንም ነው።»

«እናትህስ ተሻላቸው?»

«እናቴን ከዚህ ውስጥ አታስገባት!» ብሎ ጮኸ መካኒኩ። የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ሽርጡን አጥፎ መሬት ላይ ወረወረውና ወጣ። ሕፃኑ «መካኒኩ፦ ከእናቱ ጋር ያልተፈታ ጉዳይ አለው» ብሎ ጻፈ።

ማሸጊያው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሴቶች አሉ፤ በአንድ ጥቅልል ፕላስተር ምክንያት ተጣልተው ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ሲያሽጉ የኖሩ ናቸው። አንዷን በቀኙ፣ ሌላዋን በግራው ነካቸው፤ ስለ ቤታቸው ጠየቀ፣ አመሰገነ። ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ ተቃቅፈው አለቀሱ፣ «ለካ ይኸው ነው! ለዚህ ነው እንዴ የተኳረፍነው!» ተባባሉና ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሄዱ። ሕፃኑ የራሱም ዓይን እንባ አቀረረ። «ታረቁ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ሁለቴ አሠመረበት።

ወሬ እግር አለው። ረፋዱ ላይ ፋብሪካው ውስጥ የሚያወራ ሰው ጠፋ። «ከማዶ ገዝተውን ነው፣ ሊበትኑን ነው» የሚል ሹክሹክታ ከሊጥ ክፍል ተነሥቶ ካርቶን ክፍል ሲደርስ ፋብሪካው ሊፈርስ ሆነ። ሕፃኑ እጁን በፍቅር ዘርግቶ ሲመጣ ሰዉ እግሬ አውጪኝ ይላል። ቅርጽ አውጪው በሁለቱም ትከሻው ላይ ትሪ ተሸክሞ መዋል ጀመረ፤ የሚነካበት ቦታ እንዳይኖር። ሌላው ጀርባውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ እንደ ሸርጣን በጎኑ ይሄዳል። ከዱቄት ጆንያዎቹ ኋላ አንድ ሰው ያስነጥሳል። አንዲት መቶ ሃምሳ ሳንቲሜትር የምትሆን ሴት ካርቶን ውስጥ ገብታ ክዳኑን በውስጥ በኩል ይዛዋለች፤ ሕፃኑ ካርቶኑን አንኳኩቶ «ቤት እንዴት ነው?» ቢላት «እባክዎ ለዛሬ ይተዉኝ» አለችው።

«ፍቅር ያልለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ይሸሻል» ብሎ ነበር አሠልጣኙ። ሕፃኑ በዚህ ተጽናና።

ጄኔራሏን ለመጨረሻ ያቆያት ሆን ብሎ ነው። ምድጃው የእሷ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ፊቱ ቆማለች። ሰዓት አታይም፣ የብስኩቱን ጠርዝ ዓይታ «አውጡ» ትላለች፣ ይወጣል፣ ልክ ይሆናል። ከማዶ ሁለት ጊዜ ጠይቀዋት አልሄደችም። ሕፃኑ ሌላው ሁሉ ቢሄድ ይተርፋል፤ እሷ ከሄደች ግን አባቱ «አለቀልህ» ያሉት ያ ነው። ስለዚህ በጣም ለስለስ ብሎ ቀረባት።

እጁ ሲያርፍባት ፊቷን እንኳ አላዞረችም። «አንተም ደረስክ?» አለችው። ስለ ቤቷ እስኪጠይቃት አልጠበቀችም። እሳቱን አጠፋች፣ ትሪ የምትገፋበትን ረጅም አካፋ ግድግዳው ላይ አስደገፈች፣ ሽርጧን አራት ቦታ አጠፈች። «ቀኙ ቀድሞ ይግላል፤ ለሚመጣው ሰው ንገረው» ብላ ሄደች።

«የሚመጣው ማነው?» አለ ሕፃኑ። ዞሮ ቢያይ ፋብሪካው ባዶ ነው። የተነኩት በበሩ ወጥተዋል፣ ያልተነኩት በሽንት ቤቱ መስኮት። የቀሩት የታጠፉ ሽርጦች ናቸው፤ ማሽኑ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ መሬት ላይ።

ሮጦ ወደ ግቢው በር ወጣ። ዘበኛው ብቻ አሉ። ሕፃኑን ሲያዩ ዱላቸውን አግድም ዘረጉ።

«እዚያው ይሁኑ ጌታው! ከዱላዋ እንዳያልፉ!»

«ጋሼ፣ ሰዎቹ የት ሄዱብኝ?»

«ያባረሩት ሰው የት ይሄዳል? ቤቱ ነዋ!»

«ማን አባረራቸው?»

ዘበኛው የሕፃኑን ቀኝ እጅ በዱላቸው ጫፍ አመለከቱ። «እሷ ነቻ።»

ከዚያ ከዱላው ወዲያ ማዶ ሆነው ነገሩት። አባቱ በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ «ተባረሃል» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። የሚያሰናብቱት ሰው ዘንድ በማለዳ ይመጡና ዓይን ዓይኑን አይተው ፈገግ ይላሉ፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ ያሳርፋሉ፣ ስለ ቤቱ ይጠይቁታል፣ ስለ ልፋቱ ያመሰግኑታል። ሰውየው ሽርጡን አጥፎ ይሄዳል፤ በቃ። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ከተነገረው ቀጥሎ የሚነገረው ይኸው ነው። ሕፃኑ ብቻ፣ ፎቅ ላይ ከወረቀት ጋር ሲውል፣ አላወቀም።

ወሽመጡ ቁርጥ አለ። ስልኩን አውጥቶ አባቱ ዘንድ ደወለ።

«አባባ፣ ዛሬ ሠራተኞቹን አበረታታሁ።»

«እጅህን የት አደረግክ?» አሉ አባቱ ወዲያው።

«ትከሻቸው ላይ።»

«አይ ልጄ» አሉ አባቱ።

«ለምን በአፍዎ አይነግሯቸውም ነበር?»

«አቃተኝ። ሰው ከሥራው አውጥተህ ዓይኑን ማየት እንዴት ከባድ ነገር መሰለህ! እጄን ሳሳርፍ እነሱ ገባቸው፣ እኔም ተገላገልኩ። ኋላ ግን ለደህናውም ቀን እጄን መዘርጋት ፈራሁ። ይደነግጡብኛል ብዬ። እየቆየ ቤትም ውስጥ ልማድ ሆነብኝ።»

ሕፃኑ አባቱ አቅፈውት እንደማያውቁ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያውቃል፤ እኔ አንድ የጎደለኝ ነገር ቢኖር ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። አሁን ፈሪ አባት እንደነበረው ገባው፤ ከንዴት ይልቅ አሳዘኑት።

«ጄኔራሏንም ነካሃት?» አሉ አባቱ።

«ነካኋት።»

«በል ሩጥ!» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ሌሎቹ ሩቅ አልሄዱም። ማዕዘኑ ላይ ያለው ሻይ ቤት ውስጥ ለቅሶ እንደ ተቀመጠ ሰው ተደርድረዋል፤ ተራራው አንዲት ምስኪን በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ በንዴት የማዶውን ብስኩት ይበላል። ሕፃኑ ሲገባ የሃያ አንድ ሰው ትከሻ በአንዴ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ማንንም አላባረርኩም!» አለ ትንፋሽ እያጠረው።

«አባትዎም እኮ አባረርኩ አይሉም ነበር» አለ መካኒኩ።

በዚህ የሚያበቃ አልሆነም። ሕፃኑ በየተራ፣ በየሰዉ ፊት እየቆመ፣ «አንተ አልተባረርክም፣ አንቺም አልተባረርሽም» ማለት ነበረበት። ካርቶን ውስጥ የነበረችው ሴት «ያልነኩኝ እኔም ልጨመር?» ብላ ጠየቀች። ተራራው ሁለቴ አስደገመው፤ ከዚያም በወረቀት ይጻፍልኝ አለ። የታረቁት ሁለቱ ሴቶች ደግሞ አሁን መልሰን ልንኳረፍ ነው ወይ ብለው ተጨነቁ።

«ታዲያ ምን ፈልገው ነው የነካኩን?» አለ መካኒኩ።

ሕፃኑ ካርዷን በኪሱ ዳበሰ። እዚያ ላይ መልስ የለም። «እንዳትሄዱብኝ ፈርቼ ነው» አለ። «በየጠዋቱ በመስኮት የማዶውን በር ሳይ ቀጥሎ የሚገባበት ማን ይሆን እላለሁ። ምን እንደምላችሁ አላውቅም ነበር።»

ተራራው የማዶውን ብስኩት ከአፉ አውጥቶ አስቀመጠ።

«ይችን ብቻ ቢሉ ምን ነበረበት!» አለ።

ተመለሱ። ማቡኪያው ዞረ፣ ቅርጽ ማውጫው ተንኳኳ፣ መካኒኩ ምድጃውን ለኮሰ። ጄኔራሏ ግን ሻይ ቤቱ ውስጥ አልነበረችም። ሕፃኑ ራሱ አካፋውን ያዘና የመጀመሪያውን ትሪ ጋገረ፤ በስተቀኝ ያለው ከሰል ሆነ፣ በስተግራ ያለው ሊጥ። አራት መቶ ካርቶን እንዲህ ከሆነ ደንበኛው ረቡዕን መጠበቅም አያስፈልገውም። አሥር ሰዓት ገደማ ቤቷ ሄደ።

በሩ ገርበብ ብሏል። «ግባ» አለችው ከውስጥ። ዝቅ ያለ መደብ ላይ ተቀምጣ እግሮቿን ለብ ያለ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ነክራለች። ቁርጭምጭሚቷ የት እንደሆነ አይታወቅም፤ ሌሊቱን እንዳደረ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ሕፃኑ በመንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ግማሹን ረሳው።

«እትዬ፣ ስሕተት ነው። አላባረርኩሽም። የአባባን ነገር አላውቅም ነበር።»

ይሄን ሲል ፊቷን እያየ ነበር። ደስ አላላትም። ፊቷ ጣፋጭ እንቅልፍ ላይ እንደ ተቀሰቀሰ ሰው ፊት ወደቀ። ያን ቀን ሙሉ ፊት ሲያነብ ውሎ አንዱንም አልተረዳም፤ ይሄኛውን ግን ሳይወድ ተረዳው፣ ባይረዳው ደስ ባለው ነበር።

«ደስ ብሎሽ ነበር እንዴ?» አላት።

ሳቋ አመለጣት። «ልዋሽህ? መጀመሪያ ልቤ ድንግጥ አለ። ግቢውን ስወጣ ግን እግሬ ቀድሞኝ ነው ቤት የገባው። ሃያ ስድስት ዓመት ቆሜ እኮ ነው።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ለማን ልናገር? አባትህ ከቀረቡኝ ተባረርኩ ማለት ነው። እንዳይቀርቡኝ ስሸሽ ኖርኩ። እሳቸውም ሸሹ።»

ሕፃኑ መሬቱን አየ። «እባክሽ» ቢላት እንደምትመጣ ያውቃል። ልጅ ሳለ ሲራብ የምትመጣው እሷ ነበረች፣ ማሽን ሲበላሽ ሌሊት የምትጠራው እሷ ነበረች፣ አንድም ቀን እምቢ ብላ አታውቅም። አንዲት «እባክሽ» ፋብሪካውን ታተርፈው ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ መጣ፤ እግሯን አየና ዋጠው።

«በቃ፣ ነገ አትምጪ» አላት። «ዕረፊ። የሚገባሽ ሁሉ ይላክልሻል።»

«አራት መቶውስ ካርቶን?»

«እኔ እጋግረዋለሁ።»

«አንተ!» ጄኔራሏ ውሃው ከሳፋው እስኪፈስ ድረስ ሳቀች። «ታቃጥለዋለህ!»

«አንድ ትሪ አቃጥያለሁ።»

«በስተቀኝ?»

«በስተቀኝ።»

ሳቋን ጨርሳ እግሮቿን ከሳፋው አወጣች። «እስካሁን 'አትምጪ' ያለኝ ሰው የለም» አለች። «ቁጭ ብዬ ማዘዝ ከቻልኩ ነገ እመጣለሁ። አካፋውን የምትገፋው አንተ ነህ።»

ፋብሪካው ውስጥ መደገፊያ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነበር፤ የሥራ አስኪያጁ፣ ጎማ ያለው፣ ቆዳ የለበሰው። ማክሰኞ ጠዋት ሕፃኑ ራሱ ከፎቅ አወረደው። ጄኔራሏ ተቀመጠችበትና በእግሯ ጫፍ መሬቱን እየገፋች ከምድጃው አፍ ወደ ትሪዎቹ፣ ከትሪዎቹ ወደ ምድጃው አፍ ትሽከረከር ጀመር። «አስገባ! ቀኙን አዙር! አንተ ልጅ፣ ቀኝህ የትኛው ነው?» እያለች ስትጮህ ማሸጊያው ክፍል ድረስ ይሰማል። ሕፃኑ ከረባቱን ፈቶ ላቡን ጠረገበት። ሁለት ቀን አካፋ ገፋ። ማንንም ፈገግ ብሎ አላየም፤ ጊዜም አልነበረውም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደንበኛው መኪናውን ይዞ ሲመጣ ሦስት መቶ ዘጠና ሁለት ካርቶን ነበር የደረሰው። ሰውየው ለስምንቷ ካርቶን ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ጄኔራሏ በወንበሩ ተሽከርክራ መጥታ ትኩስ ብስኩት እጁ ላይ አስቀመጠችለትና «ምሳ አልበላህም አይደል?» አለችው። አልበላም ነበር። ስምንቷ ለነገ ትሁን አለ።

መኪናው ከወጣ በኋላ ሕፃኑ ወደ ቢሮው ሊወጣ ፎቅ መውጣት ጀመረ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ እግሩ እምቢ አለ። በሁለት ቀን ቁርጭምጭሚቱ ጫማውን ሞልቶታል። እዚያው ደረጃው ላይ ተዘረፈጠ። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ እግር ምን ማለት እንደሆነ ለማሰብ ሞክሮ ተወው፣ ስላመመው።

ተራራው በሥሩ ሲያልፍ አየው።

«አንተስ» አለው ሕፃኑ ጫማውን እየፈታ፣ «ምንህን ነው የሚያምህ?»

ተራራው ቆመ። ግራና ቀኙን አየ። ማንም እንዲህ ጠይቆት እንደማያውቅ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

«ወገቤን» አለና ከጎኑ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከኋላው መካኒኩ ወረፋ ይዞ ነበር።